ማኅተም የሌለው ምስክርነት

ጅቡቲ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለመሪጌታ ጫላቸው
ደሴ

ይህ ወረቀት ሲደርስዎ ጤናዎ የተጠበቀ፣ ጉባኤ ቤትዎ በተማሪ የተሞላ፣ እናቴም ከጉልበቷ ሕመም ያገገመች እንድትሆን ምኞቴ ነው። እኔ ከሙቀቱና ከእናንተ ናፍቆት በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

ለደብሩ ማኅተም የጠየቁኝን ቀለም በሾፌሩ በደጉ እጅ ልኬያለሁ። ሁለት ጠርሙስ ነው፤ መልኩ ሐምራዊ። እኛ ቢሮ የምንገለገልበት ስለሆነ በሚገባ ፈትኜዋለሁ፦ በውሃ አይለቅም፣ በላብም አይደበዝዝም።

ከአሰብ ወጥተን እዚህ ከሰፈርን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሊሆነን ነው። ሥራዬ ያው የቀድሞው ነው፤ በወደቡ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ የመርከቡን የጭነት ዝርዝር ከመረከቢያው ወረቀት ጋር አመሳክራለሁ። አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ኮንቴይነሩ አይወጣም። በዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንቶ ለዚህ መብቃት ያሳዝናል የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ግን ከተማርኩት ብዙም የራቅሁ አይመስለኝም።

ያስታውሱ እንደሆነ የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ መጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ነበር። ጥያቄውም ይህ ነበር፦ ጳጳስና መንበር ሳይደላደል፣ ከአገር አገር የሚዞረውን ሰው የተላከ ነው ወይስ ራሱን የላከ ብለው ምእመናን በምን ለዩት? ያን ጊዜ የወረቀት ጥያቄ ነበር፤ ዛሬ በራችን ላይ መጥቷል።

እዚህ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ጽዋ ማኅበር አለን። አባላቱ ሃያ አራት ሴቶች ናቸው፤ በየሰው ቤት ተቀጥረው እዚያው የሚያድሩ። ዕረፍታቸው ዓርብ ብቻ ስለሆነ ማኅበሩም ዓርብ ይውላል፤ ዝክሩም ሁልጊዜ የጾም ነው። የምንሰበሰበው ሃያብለ በሚባል ሰፈር፣ ዙሌይካ በምትባል መበለት ግቢ ነው። ሴትዮዋ እስላም ናት፤ አማርኛን ድሬዳዋ ተምራለች። ጸሎት ፈቅዳ ጠላ ስለከለከለች ጽዋችንን ብርዝ እንሞላዋለን። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢያችን፣ ቡርቱካን የምትባል የመርሳ ልጅ ናት። ማንበብ አትችልም። እኔን ጸሐፊ አድርገውኛል።

ባለፈው ወር አንድ አዛውንት መነኩሴ በጭነት መኪና ፔካ 12 በሚባለው የመኪኖች ማቆሚያ ወረዱና ጽዋውን ልባርክላችሁ አሉ። መሸኛ ወረቀት ጠየቅኳቸው፤ አልነበራቸውም። በትሕትና ከበር መለስኳቸው። ቡርቱካን አልወደደችውም። ዙሌይካ ደግሞ በሴቶቹ ፊት፦ «በፍቃዱ፣ አንተ መልአክም ከሰማይ ቢወርድ የጭነት ዝርዝርህን አምጣ ትለዋለህ» ብላ አሳቀችብኝ።

ተሳስቼ ይሆን? ፍርድዎን እጠብቃለሁ።

ልጅዎ በፍቃዱ


ደሴ፣ ኅዳር 21 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለበፍቃዱ

ሐዋርያቱን በየብስና በባሕር የጠበቀ አምላክ መውጫህንና መግቢያህን ይጠብቅ፤ በዚያ በረሃ ላይ የደመና ጥላ ይዘርጋልህ። እናትህ ደህና ናት። ጉልበቷ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ያማታል፤ ለቅሶ ለመሄድ ግን አያማትም።

ቀለሙ ደረሰ። የቀድሞው ደርቆ ማኅተሙ ላይ ያለው የቅዱሱ ሥዕል ግማሽ ፊት ብቻ ነበር የሚታየው፤ አሁን የጢሙ ጸጉር ሳይቀር ይቆጠራል። የደብሩ ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ ምስጋናው ሁሉ ለእኔ ሆነ፤ ሳላካፍልህ ወስጄዋለሁ።

ስለ መነኩሴው። በር ጠባቂ መሆንህን አልነቅፍም፤ በር ግን ሊዘጋ ብቻ አልተሠራም። ጳውሎስ ከሊቀ ካህናት የታተመ ወረቀት የያዘው መቼ ነበር? ወደ ደማስቆ ምእመናንን አስሮ ሊያመጣ ሲሄድ ነው። ሊያስተምር ሲወጣ ግን የቆሮንቶስ ሰዎች ወረቀትህ ወዴት ነው ሲሉት፣ ወረቀቴስ እናንተው ናችሁ የሚል መልስ ነው የሰጣቸው። አንድም፣ የአስተማሪ ምስክሩ የተማረው ሰው ኑሮ ነው። አንድም፣ በቀለም የተጻፈ ይፋቃል፣ በልብ የተጻፈ ግን አይፋቅም። አንድም፣ የላከው አምላክ እንጂ የጻፈለት ሰው አይደለም።

ይህን ስልህ የጸሐፊነት ሥራዬን ራሴው ማጣጣሌ ነው። ማኅተሙ አሁንም በሳጥኔ ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል፤ ቁልፉም አንገቴ ላይ ነው።

የሴቶቹን ስም አንድ በአንድ ጻፍልኝ። በጸሎት ላስባቸው።

አጎትህ ጫላቸው


ጅቡቲ፣ ጥር 14 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሰዎ። የሴቶቹን ስም ከነክርስትና ስማቸው በተለየ ወረቀት አያይዣለሁ።

በትርጓሜዎ ብዙ አሰብኩ። ነገር ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሌላውን ወገን አላነሡም። ከኢየሩሳሌም ሳይላኩ ወጥተው የአንጾኪያን ሰዎች ያወኩ ነበሩ። ሐዋርያቱስ ምን አደረጉ? ተሰብስበው ደብዳቤ ጻፉ፤ ያልላክናቸው ናቸው ብለው በጽሑፍ አስታወቁ፤ የሚታመኑ ሰዎችንም ከደብዳቤው ጋር ላኩ። ስለዚህ ወረቀት የመጣው ምእመናንን ከአሳሳች ለመጠበቅ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌም መደምደሚያ ይኸው ነበር።

አሁን ደስ ወደሚለው ዜና ልለፍ። በጥምቀት ዋዜማ የእርስዎ ደቀ መዝሙር መምህር ታምሩ ደረሰ። ወረቀቱን እንደ ልማዴ መረመርኩት። የእጅ ጽሕፈቱ የእርስዎ ነው፤ የ«ጸ»ን እግር እንደዚያ የሚያጥፍ ሌላ ሰው አላውቅም። ማኅተሙም እውነተኛ ነው፤ ከቢሮዬ የላክሁት ሐምራዊ ቀለም ነውና እንኳን በዓይኔ በማሽተትም ባወቅሁት ነበር። በዙሌይካ ግቢ በእልልታ ተቀበልነው። ድምፁ እጅግ ያማረ ነው፤ ኤሌኒ የተባለች ከሁሉ የምታንስ ልጃችን ሲያዜም ሰምታ አለቀሰች።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። በኅዳሩ ደብዳቤዎ ስለ እርሱ መምጣት ምንም አላነሡም፤ የወረቀቱ ቀን ግን ኅዳር 19 ነው።

ልጅዎ በፍቃዱ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 27 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ከጥር ወዲህ መልስ አላገኘሁም። ደጉ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ፣ በደጅዎ ቢያልፍም የሚላክ የለም እንደተባለ ነገረኝ። ታመው እንዳይሆን ሠጋሁ፤ እርሱ ግን ደህና ናቸው ይላል።

ስለ ታምሩ የማየውን ያለ አስተያየት ልጻፍ፤ ፍርዱ የእርስዎ ነው። በመጀመሪያው ወር ያስተምር ነበር። በሁለተኛው ወር ዙሌይካን ወንበር አስመጥቶ እኔ የተቀመጥኩት በሐዋርያት ወንበር ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ማንኛዋ ቀጣሪዋን እንደምትለቅ፣ ማንኛዋ እንደምትቆይ የሚወስነው እርሱ ሆኗል። አሁን ደግሞ ከማኅበሩ አምስቱ ከኦቦክ የባሕር ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን እንዲሻገሩ ተናግሯል፤ ሐዋርያት ባሕር ተሻግረዋልና እናንተም ተልካችኋል ብሎ። ከአምስቱ አንዷ ኤሌኒ ናት፤ አንዷ ራሷ ቡርቱካን ናት።

ባለፈው ዓርብ ቡርቱካን ከበር ላይ ያዘችኝ።

«ጸሐፊው፣ አንተ የተማርከው ሰው፣ ይህን ጉዞ ምን ትለዋለህ?»

«እኔ ምን ሥልጣን አለኝ? እርሱ የታተመ ወረቀት አለው» አልኳት።

«ሥልጣን አልጠየቅሁህም። ምን ትላለህ ነው ያልኩህ።»

ዙሌይካ ልብስ እያሰጣች ሰምታን ኖሮ፦ «ያ ባሕር ወረቀት አያነብም» አለች። «የባሌ ወንድም እዚያው ነው የቀረው።»

አንድ መስመር ብቻ ይጻፉልኝ። ታምሩን ልካችኋል ወይስ አልላካችሁትም?

በፍቃዱ


ደሴ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለልጄ ለበፍቃዱ

ሞትን ድል ነሥቶ የተነሣ ጌታ ያንተንም ልብ ከጭንቀት ያንሣው። መዘግየቴን ይቅር በለኝ። ዓይኔ ደክሟል። እዚያ የሚገኝ እንደሆነ የማንበቢያ መነጽር ብትልክልኝ፤ ቁጥሩን በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሃለሁ።

በልጉ ዘንድሮ አልሠመረም። እናትህ ሰላም ትልሃለች።

በሕማማት ሰሞን ለተማሪዎቹ የጴጥሮስን ክህደት አስተማርኩ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ነው። ዘንድሮ ግን ዶሮው ከሚጮኽበት ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ፤ ከኋላ ያሉት ጉንፋን መሰላቸው። ጴጥሮስ አለቃ የሆነው ካለቀሰ በኋላ ነው። ይህን ለመናገር ቀላል ነው፤ ከዶሮው ጩኸት እስከ ልቅሶው ድረስ ስላለው መንገድ ግን የጻፈልን የለም።

ስለ ታምሩ በሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

አጎትህ


ጅቡቲ፣ ግንቦት 18 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

መነጽሩን ልኬያለሁ። ሁለት ነው፤ ባንዱ ቢቀመጡበት ሌላው እንዲተርፍ።

አጎቴ፣ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። አባቴ ሲሞት ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዲቁናን ትቼ ዩኒቨርሲቲ ስገባ አንድ የቁጣ ቃል ሳይናገሩ ስንቅ ያስቋጠሩኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ የሚጎረብጥ ቃል ቢኖር ከፍቅር ማነስ አይቁጠሩብኝ። ያልመለሱልኝን ጥያቄ እደግመዋለሁ። አምስቱ ሴቶች የሚሄዱት የሐዋርያት ጾም ከገባ በኋላ ነው። ጾሙ ሰኔ 12 ይገባል። የሰኔን ነፋስ እዚህ ሁሉም ይፈራዋል፤ ዓሣ አጥማጆች ሳይቀሩ ጀልባቸውን ወደ አሸዋው ይስባሉ። እነዚህ ልጆች በእርስዎ ማኅተም ላይ ተማምነው ባሕር ሊገቡ ነው።

በፍቃዱ


ደሴ፣ ሰኔ 3 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለበፍቃዱ፣ በእርሱም በኩል ለጴጥሮስ ወጳውሎስ ማኅበር እኅቶች ሁሉ

ስማችሁን በየማለዳው ከጠራሁ አምስት ወር ሆነኝ፤ ስለዚህ እንደማያውቃችሁ ሰው አልጽፍም። ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

ታምሩን አልላክነውም። ተማሪዬ ነበር። ብሩህ ነው፤ ድምፁም እንደሰማችሁት ነው። ነገር ግን ኮምቦልቻ ላይ አንድ ማኅበር ለሁለት ከፍሎ አጣልቷል፤ አንዲትን ሴት በሕልሜ አየሁልሽ ብሎ ከባሏ ቤት አስወጥቷታል። ደብሩ ከጉባኤ ቤት እንዲሰናበት ወሰነ። በዚያው ሳምንት እናቱ ደጄ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠች። ልጄ ስሙ በዚህ አገር ጠፍቷል፣ በሰው አገር እንጀራ እንዲበላ አንዲት ወረቀት ስጠው አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ሳጥኑን ከፈትኩ።

በዚያ ወረቀት ላይ ሐሰት አልጻፍኩም። ክርስትና መነሣቱን፣ ዜማና ሐዲስ መማሩን፣ ድምፀ መልካም መሆኑን ጻፍኩ። ሁሉም እውነት ነው። የቀረውን ተውኩት። ኃጢአቴ እዚያ የተውኩት ላይ ነው። ለአንዲት እናት ልቅሶ አዝኜ ሃያ አራት የሰው ልጆችን ሳላያቸው አሳልፌ ሰጠሁ። አንተም በጥር ስትጽፍልኝ፣ በመጋቢት ስትጠይቀኝ ዝም አልኩ፤ ስሜን ፈርቼ ነው። ዓይኔስ ደክሟል፤ ያንተን ደብዳቤ ለማንበብ ግን አልደከመም ነበር።

የጸሐፊነቱን ሥራ ትላንት አስረክቤያለሁ። ጉባኤ ቤቱንም ዘግቻለሁ፤ ይህን ያደረገ ሰው ስለ ሐዋርያት ሊያስተምር አይገባውም። ስለዚህ ይህ ወረቀት ማኅተም የለውም። ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ ፊት ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው። ስሜን ለመጠበቅ ብለህ አንዲት ቃል እንዳትቀንስ።

እኅቶቼ ሆይ፣ ወደ ባሕሩ አትሂዱ። አዛችሁ ዘንድ ሥልጣን የለኝም። እለምናችኋለሁ።

ጫላቸው


ጅቡቲ፣ ሰኔ 26 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለአባቴና ለአጎቴ

የሰኔ 3 ደብዳቤዎ ሐሙስ ሰኔ 8 ደረሰኝ። የምጽፈው የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ነው፤ በተለይ እኔን የሚከሰውን።

ደብዳቤውን በማግሥቱ ዓርብ ማንበብ እችል ነበር። አላነበብኩም። አንድ በማኅተም የጸና ወረቀት በማኅተም የለሽ ወረቀት ሲሻር በሕይወቴ አላየሁም፤ እጄም ልቤም አልታዘዝ አለኝ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት የእርስዎን ስም መጠበቅ ነው የሚል ነበር። ስልክ ቤት ሄጄ ወደ ደብሩ ጽሕፈት ቤት ደወልኩ። ያነሣው ሰው መሪጌታ ማኅተሙን አስረክበዋል፣ ያለ ማኅተም የሚጻፍ ነገር አናውቅም ብሎ ዘጋው። ሁለተኛውንም ዓርብ አሳለፍኩ። እሑድ ሰኔ 18 ኤሌኒ ተሻገረች። ከአምስቱ ብቻዋን ቀድማ ሄደች፤ ጀልባው ላይ የአንድ ሰው ቦታ ተገኝቷል ተብላ።

ይህን በሰማሁ ዕለት የታምሩን ወረቀት ከመዝገብ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። በእውነት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያነበብኩት። ቀለሙን መርምሬ ነበር፤ የ«ጸ»ን እግር፣ ቀኑን፣ የማኅተሙን ጠርዝ መርምሬ ነበር። ልከነዋል የሚል ቃል ግን ከላይ እስከ ታች የለበትም። ከሺህ መስመር ውስጥ አንድ አኃዝ ሲጎድል የማገኝ ሰው ይህን አላየሁም።

ዓርብ ሰኔ 23 አነበብኩ። ከነፋሱ የተነሣ የግቢው ቆርቆሮ ስለሚንኳኳ መጮኽ ነበረብኝ። ታምሩ ወንበሩ ላይ ነበር። ስጨርስ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ።

«ማኅተሙ የት አለ?»

«የለውም» አልኩ።

«እንግዲህ ሰማችሁ» አለ ወደ ሴቶቹ ዞሮ። «የእኔን ይህ ሰው ራሱ መርምሮ አጽድቆታል። ይህን ግን ማንም ሊጽፈው ይችላል። ጸሐፊው ራሱ ቢጽፈውስ?»

በእኔው ሕግ ነው የፈረደብኝ። ያን ጊዜ ቡርቱካን ከኋላ ተነሣች።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ግን ሰው ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የውሸት ወረቀት ብዙ አይቻለሁ። ሰው በወረቀት የሚዋሸው ሊከበር ነው፣ ወይ ሊያገኝ ነው። ራሱን ሊያዋርድ የውሸት ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የት አገር ነው ያለው?»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«ምንም። አላውቅም ብዬ ነው እኮ አንተን የሰማሁህ። ኤሌኒም አላውቅም ብላ ነው የሄደችው።»

ዙሌይካ ከበሩ ላይ ጣልቃ ገባች። «ወንበሬን ልውሰደው?» አለች ቡርቱካንን። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር።

ታምሩ ያልጠበቅሁትን አደረገ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ መሬት ላይ ተቀመጠ። «እኔን ማን ልኮኝ ያውቃል?» አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። «ሁሉም ያሰናብተኛል እንጂ።» ሴቶቹ ዝክሩን ሲያቀርቡ ለእርሱም አቀረቡ። እኔ አላቀርብም ነበር፤ ቡርቱካን ናት ሳህኑን ይዛ የሄደችው። ዛሬ ጠዋት ከደጉ ጋር ተሳፍሯል፤ ይህንንም ደብዳቤ የያዘው መኪና ያው ነው። አራቱ ሴቶች አልሄዱም።

ደብዳቤውን ባነበብኩ ማግሥት ያንን መነኩሴ ፍለጋ ፔካ 12 ሄድኩ። በጋውን ሁሉ ከመኪኖቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ የታመመ ሾፌር ሲያስታምሙ፣ ወደ ባሕር የሚያልፉትን ልጆች ውሃ ሲያጠጡ ቆይተዋል አሉኝ። ከወር በፊት ወደ አገር ተመልሰዋል። ስማቸውን የሚያውቅ አላገኘሁም፤ እኔም ወረቀት ስጠይቃቸው ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም።

አጎቴ፣ ጉባኤ ቤት ዘግቻለሁ የሚለውን ቃል ሴቶቹ አልወደዱትም። ተመካክረው አንድ ወረቀት አስጽፈውኛል። ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ቃሉ የእነርሱ ነው፤ እኔ አላረምኩም።

ልጅዎ በፍቃዱ

«ለመሪጌታ ጫላቸው። እኛ የሃያብለ ማኅበርተኞች ነን። ሰው ሆነው ተሳስተዋል። ደብዳቤዎ በመድረሱ ግን አራታችን በሕይወት አለን፤ የቀሩትም የማንን ቃል እንደሚሰሙ ከእንግዲህ ያስባሉ። ጴጥሮስን ማንም ሰው ማን መለሰህ እንዳላለው እርስዎንም አንልም። ጉባኤ ቤቱን ይክፈቱ። ወረቀት የሚጠይቅዎ ቢኖር ይህንን ያሳዩ። ማኅተም ስለሌለን ጣታችንን አድርገናል። ለኤሌኒ ቦታ ትተንላታል።»


ደሴ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለበፍቃዱ

በባሕር ላይ የሚሄደውን፣ በባሕር ማዶም ያለውን የሚያይ ጌታ ኤሌኒን ያሳየን። ከዚህ በፊት ሌላ ቃል መጻፍ አልቻልኩም።

ወረቀቱን በአዲሱ መነጽር አየሁት። እናትህ ከጎኔ ነበረች። ሃያ ሦስት ጣት። አንዷ ጫፍ ላይ ጠባሳ አላት፤ ቢላ ይሆን ወይስ የጋለ ብረት? አንዷ እጅግ ጠንክራ ተጭናው ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል። ቀለሙን ወዲያው አወቅሁት። ያ ቀለም ከእኔ እጅ ወጥቶ ያደረገውን አውቃለሁና፣ እነርሱ በዚያው ቀለም ይህን ማድረጋቸውን ሳይ ሳጥኔ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እናትህ «እንኳን አለቀስክ፣ ከፋሲካ ጀምሮ ታምቀህ ነበር» አለችኝ።

ደብሩ እስካሁን ሥራዬን አልመለሰልኝም፤ አልጠየቅሁምም። ነገር ግን ማክሰኞ ዕለት የጉባኤ ቤቱን በር ከፈትኩ። ሰባት ተማሪዎች መጡ። የመጀመሪያ ትምህርቴን ከዚያው ወረቀት ጀመርኩ፤ እኔ ምን እንዳደረግሁ፣ ሴቶቹም ምን እንደጻፉልኝ ነገርኳቸው። ስምንተኛው ከበሩ ውጪ ቆሞ ይሰማ ነበር። ታምሩ ነው። ግባ አልኩት፤ ገና አልገባም። በየቀኑ ግን ይመጣል።

አሁን ወቀሳዬን ስማ። የሃያ ሦስቱን ጣት ከቆጠርኩ በኋላ ያንተን ፈለግሁ። ከታች ጥግ ላይ «ትክክለኛነቱን ያረጋገጥኩ፣ በፍቃዱ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ» ይላል፤ ቁጥርና ቀን አለው፤ ፊርማህም ያማረ ነው። ልጄ ሆይ፣ አረጋግጠሃል፤ አንተ ራስህ ግን ትመሰክርልኛለህን? ሁለት ዓርብ ስላዘገየህ ራስህን ከእነርሱ መካከል እንዳወጣህ ገብቶኛል። እኔ አምስት ወር አዘግይቼ ከእነርሱ መካከል ቆጥረውኛል።

አጎትህ ጫላቸው


ጅቡቲ፣ መስከረም 2 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለአባቴ ለመሪጌታ ጫላቸው

አዲሱ ዓመት ጉባኤ ቤትዎን የሚሞላ ይሁን፤ እናቴንም ይሳሙልኝ።

ከኤሌኒ እስካሁን ቃል የለም። ወደ ኤደን ለሚመላለሱ ሁለት መርከበኞች ስሟንና መልኳን ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ ዙሌይካም በባሏ ዘመዶች በኩል ታፈላልጋለች። በማኅበሩ ቀን ጽዋው ሲዞር እርሷ ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ ሲደርስ ይቆማል። ቡርቱካን እዚያ እንድቀመጥ አዘዘችኝ። ጽዋውን ተቀብዬ እይዝላታለሁ፤ ከዚያ ለሚቀጥለው አሳልፋለሁ።

ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ ከዚህ በታች ነው። የቀኝ አውራ ጣቴ ነው። ቁጥር አልሰጠሁትም። ቀለሙ ሳይደርቅ ስለነካሁት ጠርዙ ትንሽ ተበላሽቷል፤ ሌላ ንጹሕ ወረቀት ላይ ልደግመው አስቤ ነበር፣ ተውኩት።

በፍቃዱ